ልጄን የት ላስቀራው? ደዕዋንና ቂርኣትን አብሮ የሚሰጥ ቦታ ለሚፈልጉ የድሬ ወላጆች

ሰኔ ሲገባ ድሬ ዳዋ ውስጥ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ልጅሽን ዘንድሮ የት ልታስገቢው ነው?» ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ሙቀቱ ልጅን ውጪ አያውልም። ቤት ውስጥ ደግሞ ስልኩ አለ። ስለዚህ እናት ሁሉ መድረሳ ታጠያይቃለች።

አምና በዚሁ ወሬ መሃል የሁለት ጎረቤቶቼ ልጆች ነገር ተነሳ። የአንዷ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከቁርአን ሠላሳ ክፍል (ጁዝ) አምስቱን በቃሉ ይዟል (ሐፍዟል)። አጎቱ በየሰላቱ የሚቀራውን የቁርአን መክፈቻ ምዕራፍ አንስቶ «ፋቲሓ ላይ ‹ኢያከ ነዕቡዱ› ስትል ምን እያልክ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። «አንተን ብቻ እናመልካለን» ማለት እንደሆነ ነግሮት የሚያውቅ ሰው የለም። የሌላዋ ልጅ አሥራ ሰባት ሞልቶታል። የዳዒዎችን (የዲን ሰባኪዎችን) ንግግር ከስልኩ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። ስለ ተውበት፣ ስለ ቀብር ሲያወራ ሰው ያስለቅሳል። ሙስሐፍ (የቁርአኑን መጽሐፍ) ሲሰጡት ግን ይንተባተባል።

ሁለቱም የተባረኩ ልጆች ናቸው። ግን ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው ግማሹ ነው። አንዱ ቂርኣት፣ ማለትም የቁርአን ንባብ፣ አግኝቶ ደዕዋ፣ ማለትም የዲን ጥሪና ምክር፣ ቀርቶበታል። ሌላው ደዕዋ ጠግቦ ቂርኣት ተርቧል። እኔም ሦስት ልጅ በማስቀራባቸው ዓመታት ከሁለቱም ስህተት ደርሶኛል። ድሬ ውስጥ አማራጭ ሞልቷል። ወላጅ ሲመርጥ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ነው? የእነማን ወገን ነው?» ብሎ ነው። እኔ ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ይመስለኛል። እዚህ ቦታ ልብን የሚያነቃው ንግግርና ፊደል የሚያስቆጥረው ትምህርት ይገናኛሉ ወይ?

ቁርአኑ ራሱ አገናኝቷቸዋል። ሱረቱ ተውባ 122ኛው አንቀጽ ላይ ምእመናን ሁሉ በአንድ ጊዜ መውጣት እንደሌለባቸው ይነገራል። ከየወገኑ ጥቂቶች ዲኑን ጠልቀው ይማሩ፣ ከዚያ ወገኖቻቸውን ያስጠንቅቁ ነው መልእክቱ። መማሩም ማስጠንቀቁም አንድ አንቀጽ ውስጥ ነው። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው።

ከእኛ በፊት የተቸገሩበት

ወደ ድሬ ከመመለሴ በፊት ሦስት ታሪክ ላንሳ። የዛሬዎቹ የመድረሳና የደዕዋ ዓይነቶች ከየት እንደመጡ ያሳያሉና።

ሕንድ ውስጥ ደዮባንድ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1866 አንድ መድረሳ ተከፈተ። የተጀመረው በመስጂድ ግቢ ከሮማን ዛፍ ሥር፣ በአንድ አስተማሪና በአንድ ተማሪ እንደሆነ ይተረካል። የሁለቱም ስም ማሕሙድ ነበር። አገሩን እንግሊዝ ይገዛዋል። መድረሳው ከመንግሥት ገንዘብ አልጠበቀም። ከተራው ሰው በሚሰበሰብ ጥቂት ጥቂት መዋጮ ቆመ። የተወሰነ ሥርዓተ ትምህርትና የጽሑፍ ፈተና ነበረው። ብዙ ዓሊም (የዲን ሊቅ) ከዚያ ወጣ።

ከዚያው ከተማሩት አንዱ መውላና ሙሐመድ ኢልያስ ነው። በ1920ዎቹ ሜዋት ወደሚባል የገበሬ አገር ወረደ። ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ ሸሃዳውን (የእምነት ቃሉን) በትክክል የማይለው ግን ብዙ ነው። መጀመሪያ ለልጆች ትንንሽ መድረሳዎች እንዲከፈቱ አደረገ። አልረካም። ልጁ ተምሮ ቢወጣም ቤቱና ሰፈሩ እንደነበረ ስለሚጠብቀው ነው። ስለዚህ አባቶችን ራሳቸውን በቡድን ይዞ ከመስጂድ ወደ መስጂድ መዞር ጀመረ። ዛሬ ተብሊግ የምንለው ጀማዓ መነሻው ይህ ነው። ደዕዋው የመጣው መድረሳው ያልደረሰበትን ለመሙላት ነበር።

ሦስተኛው ኢንዶኔዥያ ነው። ኪያይ (ሸይኽ እንደማለት ነው) አሕመድ ዳሕላን እ.ኤ.አ. በ1912 ዮግያካርታ ላይ ሙሐመዲያ የሚባል ድርጅት መሠረተ። ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ወደ ዲን ትምህርት አስገባ። ሒሳብና ሳይንስ ከቁርአን ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አስቀመጠ። ስለ እሱ የሚነገር አንድ ነገር ከልቤ አይጠፋም። ተማሪዎቹን ሱረቱል ማዑንን፣ ወላጅ አልባን (የቲምን) ስለሚገፋና ድሃን ስለማይመግብ ሰው የምትናገረውን አጭር ምዕራፍ፣ ቀን በቀን እየደጋገመ አስቀራቸው። «እስከ መቼ ይቺን ብቻ?» አሉት። «ሠርታችሁባታል?» አላቸው። አልሠሩባትም። ስለዚህ ሄደው ድሃና የቲም ፈልገው እንዲመግቡ አዘዛቸው። ዛሬ ድርጅቱ በሺዎች የሚቆጠር ትምህርት ቤት፣ ከመቶ በላይ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ፣ ብዙ ሆስፒታልም አለው።

የእኛም ሐረርጌ ሰው አላጣችም። ሸይኽ በክሪ ሳፓሎ እ.ኤ.አ. በ1895 ተወልደው በ1980 ያለፉ ዓሊም ናቸው። የመስጂድ ኪታብ አስተማሪ ሆነው ሳለ ዲኑን ለገበሬው በኦሮምኛ ግጥም አድርገው ያደርሱ ነበር። ኪታብ መያዝ የማይችለው እያዜመ ይዞት ይሄዳል። በ1956 ለኦሮምኛ የራሱን ፊደል እስከመፍጠር ሄደዋል። ሰባኪ ናቸው ወይስ መምህር? መለየት አይቻልም። እኔ ለልጄ የምፈልገው ኡስታዝም መለየት የማይቻለውን ነው።

የሰፈር ቁርአን ቤት

አብዛኞቻችን የጀመርነው እዚህ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ቁርአን ቤት ይለዋል። ሶማሌው ዱግሲ ይላል፣ አስተማሪውንም መዓሊን ይለዋል። ሐረሪው ዘንድ አስተማሪው ከቢር ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ መስጂድ ያገኛል። ግንቡ ውስጥ ብቻ 82 መስጂድ ተመዝግቧል። ድሬ ግን የባቡር ከተማ ናት፣ ሰፊ ናት፣ ሰው ከየቦታው ነው የመጣባት። መጋላ ያለው ቁርአን ቤት ከሳቢያኑ፣ የሳቢያኑ ከገንደ ቆሬው በቋንቋም በአቀራርም ይለያል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ቅርብ ነው። ልጅ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመለሳል። ኡስታዙ አባቱን ያውቃል፣ እናቱን ያውቃል፣ ልጁ ሱብሒ መስጂድ መምጣቱንና አለመምጣቱንም ያውቃል። ደዕዋ ማለት ለእኔ መጀመሪያ ይህ ነው። ልጁ መንገድ ላይ ሲሳደብ ሰምቶ በስሙ ጠርቶ የሚገሥጽ ሰው ከሺህ ሰው ፊት ከሚሰጥ ንግግር ይበልጣል።

ጉድለቱንም እናገራለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ያስገባሁበት ቦታ ልጆቹ በጣም ብዙ ነበሩ፣ ኡስታዙ ግን አንድ ብቻ። አብረው በዜማ ይላሉ። ከውጪ ሲሰሙት ያምራል። ልጄም ከዓመት በኋላ ጁዝ ዓማን (የመጨረሻውን ጁዝ) ሲወርደው ደስታዬን አልቻልኩትም። አንድ ማታ ሙስሐፉን ከፍቼ ከገጹ መሃል አንድ ቃል በጣቴ አሳየሁት። ማንበብ አልቻለም። ከሱራው መጀመሪያ ሲነሳ ነው ቃሉ የሚመጣለት። በጆሮው ነው የያዘው፣ ዓይኑ አልተማረም። ያን ማታ ራሴን ብዙ ወቀስኩ። ስለዚህ ይህን ፈተና ያዙልኝ። ከመሃል ጠይቁ። ከመጀመሪያ መጠየቅ ምንም አያሳይም።

ሌላው የፊደል አቆጣጠሩ ነው። ይህን ማንም ለወላጅ አይነግረውም። በሶማሌው ዱግሲ ልጅ «አሊፍ ላ ኮርዳበይ» እያለ ነው ‹አ›ን የሚይዘው። ይህን አቆጣጠር ሸይኽ ዩሱፍ አልከውነይን የሚባሉ የጥንት ዓሊም ለሶማሌ ልጆች እንዳወጡት ይነገራል። ብዙ መቶ ዓመታትን ያለፈ፣ የሚሠራ ዘዴ ነው። አዲሶቹ መድረሳዎች ደግሞ ኑራኒያ በሚባለው ቃዒዳ (የፊደል መማሪያ) አናባቢዎቹን ፈትሓ፣ ከስራ፣ ዶማ ብለው ያስኬዳሉ። ሁለቱም ያደርሳሉ። ልጅን ግን ከአንዱ መሃል አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት ያምታታዋል። ቤት ከቀየራችሁ፣ ወይም መድረሳ ከቀየራችሁ፣ መጀመሪያ በየትኛው እንደሚቆጥሩ ጠይቁ።

ክፍያውንም በሰዓቱ ክፈሉ። የሰፈር ኡስታዝ በወር የሚሰበሰብለትን ይዞ ነው ቤት የሚያስተዳድረው። ለእንግሊዝኛ አስጠኚ ሳንደራደር እየከፈልን ለቁርአኑ «ፊ ሰቢሊላህ (ለአላህ ብሎ) ነው» ማለት ደግ አይደለም። ኡስታዙ ለእንጀራ ሲል ሌላ ሥራ ከያዘ፣ ልጃችሁን የሚያዳምጥበት ጊዜ ነው የሚያልቀው።

የቅዳሜና እሁድ እና የክረምት መድረሳ

ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ብዙ ጊዜ ያለው በር ይህ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ይኸው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ላይ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ፣ ወላጅም ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ዲኑ ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ በእኛው ወጪና በእኛው ምርጫ ይሰጣል።

ጥሩ የቅዳሜና እሁድ መድረሳ ደረጃ አለው። ቃዒዳ፣ ከዚያ ነዘር (እያዩ ማንበብ)፣ ከዚያ ሂፍዝ (በቃል መያዝ)፣ ጎን ለጎን ደግሞ ፊቅህ (የአምልኮ ሕግጋት)፣ ተውሒድ (የአላህ አንድነት)፣ ሲራ (የነብያችን ታሪክ) እና አዳብ (ሥነ ምግባር)። ፈተና አለ። ልጁ የት እንደደረሰ በወረቀት ይሰጣችኋል። የዳሕላን ጥቁር ሰሌዳ ድሬ የደረሰው በዚህ መልክ ነው ብል አላጋነንኩም።

ችግሩ ጊዜው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቁርአን አይያዝም። በሶሒሑ ሐዲስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቁርአን ከታሠረች ግመል ይበልጥ እንደሚያመልጥ ነግረውናል። ግመል ለእኛ አገር ሰው ምሳሌ አያሻውም። ገመዱ ሲላላ ቆላውን ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድን የመረጠ ሰው ማታ ማታ ቤት ውስጥ ሩብ ሰዓት ካልጨመረ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል። ክረምቱም እንደዚያው። ሁለት ወር ተቃጥሎ መስከረም ላይ የሚጠፋ እሳት ብዙ አይቻለሁ።

ቀለሙንም ዲኑንም የሚሰጥ ትምህርት ቤት

የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ተከትለው ዐረብኛና ዲን የሚጨምሩ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጁ አንድ ቦታ ይውላል። ለእናት እረፍት ነው። ሰላቱን በጀማዓ ይሰግዳል፣ ሴት ልጅም ሒጃቧን ለማስረዳት አትገደድም።

ሁለት ነገር አጣሩ። አንዱ፣ የዲኑ ክፍለ ጊዜ ስንት ነው? በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ከሆነ የሰፈሩን ቁርአን ቤት አይተካም። ስሙ እስላማዊ ስለሆነ ብቻ «ቀርቷል» ብላችሁ ከሰፈሩ አታስወጡት። ሁለተኛው፣ ሒሳቡና ሳይንሱ ጠንካራ ነው ወይ? የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤታቸውን ጠይቁ። ሲጠየቁ የሚቆጡ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። የዲን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ማጣት የለበትም።

ሂፍዝ መርከዝ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ።

ሐፊዝ፣ ቁርአኑን ሙሉ በቃሉ የያዘ፣ ልጅ የማይመኝ ወላጅ የለም። እኔም እመኛለሁ። አዳሪ መርከዞች (ማዕከላት) ያን ተስፋ ይሰጣሉ። ስሌቱን ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። በቀን አንድ ገጽ ቢይዝ፣ ጁሙዓ ቢያርፍ፣ ሁለት ዓመት ይጠጋል። በቀን ግማሽ ገጽ ከሆነ አራት ዓመት ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ይህ ያለ ሙራጀዓ (የያዙትን መከለስ) ነው። ሙራጀዓው ከአዲሱ ትምህርት እኩል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ጊዜ ይበላል። «በስድስት ወር እናስሐፍዛለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ስሌት አስታውሱ። የሚችል ልጅ አለ። የእናንተ ልጅ እሱ ነው ብላችሁ ግን አትጀምሩ።

የእህቴን ልጅ ከከተማ ወጣ ያለ አንድ መርከዝ አስገባነው። አሥር ዓመቱ ነበር። ለሦስት ወር እንዳንጠይቀው ተነገረን፣ «ልቡ እንዳይከፈል» ተባለ። ተቀበልን። ስንሄድ ከስቶ፣ ጀርባው ላይ የአለንጋ ሰንበር ይዞ አገኘነው። አራት ጁዝ ሐፍዟል። ቤት ከመጣ በኋላ ግን ለአንድ ዓመት ያህል ሙስሐፍ ሲያይ ፊቱ ይቀየር ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ቁርአንን የሚያስጠላ ሂፍዝ ምን ይባላል? ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ያገለገሏቸው አነስ እኮ «ኡፍ» እንኳ ብለውኝ አያውቁም ብለዋል።

መርከዝ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ሐፊዝ ሆነው፣ አዳባቸው ያማረ፣ ረመዳን ላይ ተራዊሕ የሚያሰግዱ ልጆችን ያወጡ አሉ። መለያው ቀላል ነው። በፈለጋችሁት ቀን ልጃችሁን ማየት ትችላላችሁ? ማታ ከልጆቹ ጋር የሚያድረው ማነው? ልጁ የሐፈዘውን ትርጉሙን የሚነግረው ሰው አለ? ሰሓቦች አሥር አንቀጽ ተምረው፣ ትርጉሙን አውቀው፣ ሳይሠሩበት ወደ ቀጣዩ አያልፉም ነበር። መደበኛ ትምህርቱስ? ልጁ ሦስት ዓመት አቋርጦ ሲመለስ ስንተኛ ክፍል ይገባል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቦታ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ የአሥር ዓመት ልጅ አይሰጠውም።

ጀማዓ ወጥቶ መዞር

ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው፣ ድስታቸውን ይዘው፣ መስጂዳችን የሚያርፉትን የተብሊግ ሰዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሦስት ቀን፣ አርባ ቀን፣ አራት ወር እያሉ ይወጣሉ።

ለልጅ አይደለም። ለጎልማሳ ግን አንዳንዴ ሌላው ሁሉ ያቃተውን ይሠራል። ሰላት ጥሎ ከበርጫ ሳይነሳ ይውል የነበረ ዘመዴ ከሦስት ቀን ጀማዓ ሲመለስ ሱብሒ መስጂድ መሄድ ጀመረ። የማንም ስብከት አልለወጠውም ነበር። አብሮ ማደር፣ አብሮ ማብሰል፣ ታላቅ ሰው እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ «ወንድሜ» ሲለው መስማት ለወጠው።

ግን ጀማዓው ራሱ ወደ ፊቅህ ዝርዝር እንደማይገባ ይናገራል። ሥራው ማንቃት ነው። ስለዚህ የነቃ ሰው ሲመለስ የሚቀበለው ኡስታዝ ያስፈልገዋል። ዘመዴ ሰላት ጀመረ፣ ውዱእ የሚያበላሽ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሌላ ዓመት ፈጀበት። ዕዳ ያለበት፣ የልጆቹን ቀለብ ያላዘጋጀ ሰውም ከመውጣቱ በፊት ያን ይጨርስ።

የመስጂድ ደርስ እና ስልኩ

ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ በድሬ ወርቅ ነው። ፀሐዩ ወርዷል፣ ነፋሱ መጥቷል፣ ነጋዴው ሱቁን ለልጁ ትቶ መስጂድ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ሰዓት የሚሰጥ ደርስ (ተከታታይ ትምህርት) ለሠራተኛ ሰው ከሁሉም ይበልጥበታል። አንድ ኪታብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስኬድ ኡስታዝ ምረጡ። ዛሬ ስለ ትዳር፣ ነገ ስለ ጂን፣ ከነገ ወዲያ ስለ ቂያማ ምልክት ከሆነ ደዕዋ ነው፣ ደርስ አይደለም። ሁለቱም ይጠቅማል፣ ግን አንዱን በሌላው ስም አትያዙት።

ስልኩም በረከት አለው። በቴሌግራም የሚለቀቀው የአማርኛ ትምህርት ለብዙ ሰው ደርሷል። ነገር ግን ስልክ ይነግራችኋል እንጂ አይሰማችሁም። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ፊደላችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብሎ ይጽፋል፣ አ እና ዐን ይለያል። አፋችን ግን አንድ አድርጎ ነው የሚያወጣቸው። የሶማሌ ጎረቤቴ ልጅ ሐን እና ዐን ከእናቱ ቋንቋ ይዟቸው ነው የሚመጣው። የእኔ ልጅ ጉሮሮውን ማስተማር አለበት። «ዐሊም» በዐ አዋቂ ማለት ነው። በአ ካልነው የሚያም፣ የሚያሠቃይ ማለት ይሆናል። የአላህን ስም እየጠራን ሌላ ነገር እያልን እንደሆነ የሚነግረን ፊት ለፊታችን ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ነው። በድምፅ መልእክት አንድ በአንድ እየሰሙ የሚያርሙ ኡስታዞችና ኡስታዛዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ ስልኩም መድረሳ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የማውቀው በራሴ ነው። በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ሦስት ልጅ ወልጄ፣ ጎረቤት ቤት ሴቶች የሚቀሩበት ሐለቃ ገባሁ። ኡስታዛችን በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ፋቲሓን ብቻ ነው ያስኬዱኝ። ሃያ ዓመት የሰገድኩበትን ፋቲሓ! አለቀስኩ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው «ልጄ፣ አላህ የሚንተባተበውን ሁለት አጅር (ምንዳ) ነው የሚሰጠው» አሉኝ። ሐዲሱን ሰምቼው አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን ሌላ ነበር። ትምህርቱም ደዕዋውም አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ደረሰኝ። እናቶች፣ ለልጆቻችሁ ቦታ ስትፈልጉ ለራሳችሁም ፈልጉ።

ታዲያ ማን የት ይግባ?

እንደ እኔ፣ ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሰፈር ቁርአን ቤት አይራቅ። ቅርብ፣ ልጅ ያልበዛበት፣ የማይመታ። ሌላ ምንም አትጨምሩበት።

ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሆነው ደረጃ ያለው መድረሳ ይፈልጋል። ጥያቄ የሚጠይቅበት ዕድሜ ነው። «ለምን?» ሲል የማይደነግጥ ኡስታዝ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ሂፍዝ ከፈለገ ራሱ ይፈልግ፣ ከቤት እየተመላለሰ ይጀምር።

ከዚያ በላይ ያለው ጎረምሳ ንግግር ይስበዋል። ይሳበው፣ አትከልክሉት። ግን ከሰባት ዳዒ አንድ ኪታብ ይበልጥበታል። ከላይ ያነሳሁት የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ አሁን ከዐስር ሰላት በኋላ ከትንንሾቹ ጋር ቁጭ ብሎ ነዘር ይቀራል። መጀመሪያ አፍሮ ነበር። ኡስታዙ ብልህ ሰው ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ለልጆቹ አጭር ምክር እንዲያደርግ ሰጠው። ማፈሩ ቀረ።

የወገንን ነገር በተመለከተ ጥቂት ልበል። ሱፊ ናቸው፣ ሰለፊ ናቸው፣ ተብሊግ ናቸው የሚለው ወሬ ድሬም ሐረርም አለ። ወላጅ ልጁ የሚማረውን ዐቂዳ (የእምነት መሠረት) የማወቅ መብቱ ነው፣ ጠይቁ። ነገር ግን አንድ ቦታ ልጁን የመጀመሪያው ወር ላይ ሌላውን ሙስሊም መስደብ ካስተማረው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ውጡ። ውዱእ ሳያውቅ ማን እንደጠመመ የሚያውቅ ልጅ አትፈልጉም።

ሄዳችሁ ስታዩ

የምዝገባ ቀን አትሂዱ። ያን ቀን ሁሉም ያምራል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከዐስር በኋላ፣ ሳትናገሩ ሂዱ። ጥግ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ኡስታዙ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያዳምጣል ወይስ በጅምላ ነው? በስማቸው ይጠራቸዋል? አለንጋው የት ነው ያለው? የሚጠጣ ውሃ አለ? በዚህ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴቶቹ ልጆች የተቀመጡት ሰሌዳው በሚታይበት ነው ወይስ ከኋላ? ኡስታዙ የሚያብራራው በየትኛው ቋንቋ ነው? ልጃችሁ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም መንገድ ላይ ይናገር ይሆናል፣ ትርጉም ግን ቤቱ በሚያወራበት ሲሰማ ነው ልቡ የሚገባው።

ከዚያ ልጁን ለአንድ ሳምንት ለሙከራ ላኩት። ሐሙስ ሲመለስ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ነገር ጠይቁት። «ዛሬ የት ደረስክ?» ብላችሁ ሙስሐፉን ከመሃል ክፈቱለት። ቀጥላችሁ «ኡስታዝ ዛሬ ምን ነገሯችሁ?» በሉት። ጣቱ ቃሉን ካገኘ፣ ወሬውም ቤት እስክትደርሱ ካላለቀለት፣ ቅዳሜ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።